የ1904ቱ የካናን «ዌልዝ ኦፍ ኔሽንስ»፣ ኪስ ሳይራቆት የሚገዛ አሮጌ መጽሐፍ

አሮጌ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመራችሁ ወይ ልትጀምሩ ዳር ዳር የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ የምትገዙትን ልንገራችሁና ከዛ ምክንያቱን አወራለሁ። የስኮትላንዱ ኢኮኖሚስት የአዳም ስሚዝ «ዌልዝ ኦፍ ኔሽንስ» (የሀገራት ሀብት እንደማለት)፣ ኤድዊን ካናን አዘጋጅቶት ሜቱን የሚባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1904 ያወጣው ባለሁለት ቅጹ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።) እኔ የገዛሁት እዚሁ ለንደን ነው፣ ቤት ከገባ ወራት ሆኖታል፣ አንብቤዋለሁም፣ ማለቴ ሁሉንም አይደለም፣ በመሀል ስለ ብር ማዕድን ዋጋ መውጣት መውረድ የሚያወራውን ማለቂያ የሌለው ነገር ዘልዬዋለሁ፣ እሱን ያልዘለለ ካለ እጁን ያውጣ።

አንደኛውን እትም በቃ እርሱት። ማርች 9 ቀን 1776 ነው የወጣው፣ ስትራሃንና ካዴል የሚባሉ የለንደን ሰዎች አሳትመውት፣ ሁለት ትላልቅ ቅጽ፣ ዋጋው ያኔ 1 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ። አሁን ጨረታ ላይ ሲወጣ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ የተሸጠበት ጊዜ አለ፣ በዛ ገንዘብ ሰው ቤት ይገዛል እንጂ መጽሐፍ አይገዛም። ስሚዝ በህይወት እያለ አምስት ጊዜ ታትሟል፣ ከ1776ቱ ቀጥሎ በ1778፣ በ1784፣ በ1786 እና በ1789፣ ከዛ በ1790 ሞተ። እነዚህም ቢሆኑ እንደኔ አይነቱ ደሞዝተኛ የሚጠጋቸው አይደሉም፣ ሦስተኛው በተለይ፣ ምክንያቱም ስሚዝ ብዙ የጨመረበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ማውጫ የገባበት እሱ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

ካናን ያደረገውን ነገር የምወድለት እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ኤልኤስኢ (የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት) ያስተምር የነበረ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ አምስተኛውን እትም መሰረት አድርጎ ይዞ ከቀደሙት አራቱ ጋር ቃል በቃል እያስተያየ «ይሄ ቃል በአንደኛው እትም እንዲህ ነበር፣ ይሄ አንቀጽ የገባው በሦስተኛው ነው» እያለ ከግርጌ ጻፈው። ስለዚህ አንዱን ስትገዙ አምስቱንም የገዛችሁ ያህል ነው። ሌላ ደግሞ፣ ስሚዝ ግላስጎው ሲያስተምር አንድ ተማሪ የያዘው ማስታወሻ ነበረ፣ እሱን ደብተር አዘጋጅቶ በ1896 ያሳተመው ራሱ ካናን ነው፣ እና ስሚዝ አንድን ሀሳብ መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት ክፍል ውስጥ ምን ብሎ አስተምሮት እንደነበር የግርጌ ማስታወሻው ላይ እያመጣ ያሳያችኋል። በየገጹ ዳር ደግሞ አንቀጹ ምን እንደሚል በአንድ መስመር አጠር አድርጎ አስቀምጧል፣ ይሄ ለኔ አይነቱ ሰነፍ አንባቢ ወርቅ ነው፣ ዳር ዳሩን ብቻ እያነበብኩ ሄጄ የጣመኝ ቦታ ስደርስ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ለኛ ሰው የሚጥመውን ቦታ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ (ስሚዝ ሥራውን የከፈለው በአምስት «መጽሐፍ» ነው) አራተኛው ምዕራፍ ገንዘብ እንዴት እንደተጀመረ ያወራል፣ መጀመሪያ ከግሪኩ ባለቅኔ ከሆሜር ጠቅሶ የዲዮሜድ የጦር ልብስ ዘጠኝ በሬ፣ የግላውከስ ግን መቶ በሬ ያወጣ ነበር ይላል፣ ከዛ ወዲያው ምን ይመጣል? አቢሲኒያ። በአቢሲኒያ ጨው የተለመደ መገበያያ ነው ይባላል ይላል። አሞሌያችን እኮ ነው! ከኛ ቀጥሎ የህንድ ዳርቻ ዛጎል፣ የኒውፋውንድላንድ ደረቅ አሳ፣ የቨርጂኒያ ትምባሆ እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ በገዛ አገሩ በስኮትላንድ ሰራተኛው በገንዘብ ፋንታ ሚስማር ይዞ ዳቦ ቤት የሚሄድበት መንደር ዛሬም አለ ብሎ ይጨርሳል። ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄ ምዕራፍ በፎቶኮፒ ነበር የሚደርሰን፣ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ ግማሹ ፊደል የጠፋበት፣ እና ከግርጌ ያለውን ማን ያየዋል። ካናን ግን «ይባላል» የሚለው ከየት እንደመጣ አግኝቶታል፣ ከፈረንሳዩ ፈላስፋ ከሞንተስኪዩ ነው፣ የሕጎች መንፈስ ከሚለው መጽሐፉ፣ 22ኛው መጽሐፍ አንደኛ ምዕራፍ፣ እሱም እዛው የግርጌ ማስታወሻ ላይ። ማለት ከግርጌ ማስታወሻ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ሲንከባለል የመጣ ጨው ነው። እቺን ተራ የሆነ ርካሽ እትም ላይ ብትፈልጉ አታገኟትም፣ ስሚዝ ብቻውን ነው የሚሆነው። እኔ ለዚህ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም ነበር።

ሌላ የማይወራለት ጥቅም አለው። ከ1976 በፊት፣ ማለት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እትም ከመውጣቱ በፊት፣ የተጻፈ የኢኮኖሚክስ ጽሑፍ ስታነቡ ስሚዝን ሲጠቅስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የካናንን ገጽ ነው። «የማይታየው እጅ» የሚባለው፣ ሰው የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ ሳያስበው ህብረተሰቡንም ይጠቅማል የሚለው፣ በየንግግሩ የሚነሳው፣ በዚህ እትም ቅጽ 1 ገጽ 421 ላይ ነው፣ እና በመላው መጽሐፍ አንዴ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ሺህ ገጽ ገደማ ውስጥ አንዴ። ገልጣችሁ ጣታችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ።

አሁን ስለ እቃው። ጥራዙ ጨርቅ ነው፣ በጀርባው ላይ ያለው ወርቃማ ጽሑፍ ደብዝዟል ግን ይነበባል፣ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ የመታው ጀርባው ከፊትና ከኋላው ልብሱ ይልቅ ፈዘዝ ብሏል፣ ይሄ የሁሉም አሮጌ መጽሐፍ ጣጣ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋኑ ከወረቀቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላላ ብሏል፣ ስገዛው ያወቅኩት ነው፣ ዋጋውም በሱ ምክንያት ነው የወረደው። ወረቀቱ ግን ድንቅ ነው፣ ሲታጠፍ አይሰበርም፣ መጀመሪያና መጨረሻ ገጾች ላይ ብቻ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፣ ፊደሉ ለአይን ደህና ነው፣ የግርጌው ማስታወሻ ግን ደቃቅ ስለሆነ መነጽር የምታደርጉ አውልቃችሁ አትሞክሩት። ሽታው... እሱን ለሚገባው ተውኩት።

የሳቅኩበት ነገር ሁለተኛው ቅጽ ነው። ድሮ መጽሐፍ ሲጠረዝ የታጠፈው ወረቀት ጫፉ ሳይቆረጥ ይቀር ነበር፣ ገዢው ራሱ በቢላ እየከፈተ ነው የሚያነበው። የኔ አንደኛው ቅጽ ሁሉም ተከፍቷል፣ ህዳጉ ላይ በእርሳስ መስመር ተሰምሮበታል፣ የስፒል ፋብሪካው ጋ ሁለት መስመር፣ አስር ሰው ስራ ተከፋፍሎ በቀን 48,000 ስፒል ይሰራል የሚለው ጋ ቃለ አጋኖ ሁላ አለ። ሁለተኛው ቅጽ እስከ ቅኝ ግዛቶቹ ድረስ ተከፍቷል፣ ከዛ ወደ አምስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ግብርና ስለ መንግስት ወጪ የሚያወራው ጋ ስትደርሱ ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ከመቶ ዓመት በላይ! ስለ ግብር ማንበብ ያኔም ሰው አይወድም ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ሰብሳቢ እንደዛው ይሁን ይላል፣ ያልተከፈተ ገጽ ዋጋ ይጨምራል ብሎ፣ እኔ ግን የገዛሁት ለማንበብ ስለሆነ ከፈትኩት።

እሱንም እንዴት እንደምከፍት ያሳዩኝ የሸጡልኝ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ሴሲል ኮርት ነው ያለው፣ ከቻሪንግ ክሮስ ሮድ ወደ ሴንት ማርቲንስ ሌን የሚያሻግረው፣ መኪና የማይገባበት፣ ግራና ቀኝ አሮጌ መጽሐፍና ካርታ ብቻ የሚሸጥበት አጭር መንገድ፣ ለንደን ያላችሁ ሌስተር ስኩዌር ከወረዳችሁ ቅርብ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም ምክንያቱም እሳቸው ኢኮኖሚክስ ብዙ አይዙም፣ ሄዳችሁ ብታጡት እኔን ትረግማላችሁ። አገልግሎቱ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ገብቼ ስጠይቃቸው ሁለቱንም ቅጽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝና ልብ ያላልኩትን ጉድለት ራሳቸው ያሳዩኝ ጀመር፣ እዚህ ላልቷል፣ እዚህ የቡና ጠብታ አለ፣ ይሄ ገጽ ጥጉ ተቀዷል እያሉ፣ ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ያልተከፈተውን ገጽ በጣት እንዳትቀድ፣ ስለታም ቢላም አትጠቀም እየሳተ ይቀደዋል፣ ደነዝ የቅቤ ቢላ ይዘህ እጥፋቱን ተከትለህ ቀስ አሉኝ። ዋጋ ላይ ትንሽ ተከራክረን ትንሽ ቀነሱልኝ፣ የከፈልኩት ለአንድ ወር ለባቡርና ለአውቶብስ ከማወጣው ብዙም አይበልጥም፣ እንግሊዝ አገር መጽሐፍ ላይ ደግሞ ቫት የለም። የላላውን ሽፋን ፕላስተር እንዳትለጥፍበት፣ ፕላስተር ከሚለጠፍበት ተሰብሮ ቢቀመጥ ይሻላል ብለውኛል፣ ልክ ናቸው፣ የፕላስተሩ ሙጫ ዓመታት ቆይቶ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

ሱቅ የማትደርሱ ኦንላይን ትገዛላችሁ፣ እዛ ጋ ግን ጠንቀቅ በሉ። ከዚህ በፊት አንድ ሻጭ «1904፣ ሜቱን፣ ደህና ይዞታ» ብሎ ለጥፎ የላከልኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስካን ተደርጎ ትእዛዝ ሲመጣ የሚታተም፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያለው አዲስ ወረቀት። ውስጡ 1904 የሚል የርዕስ ገጽ አለዋ፣ ስለዚህ በሱ ቤት አልዋሸም። ገንዘቤን መለሱልኝ ግን ከስንት ደብዳቤ በኋላ። ምልክቱ ይሄ ነው፣ የመጽሐፉ የራሱ ፎቶ የለም፣ ባለሁለት ቅጽ መሆን ሲገባው አንድ ቅጽ ይላል ወይ ቅጽ 1 ብቻ ነው፣ ሻጩ ጋ «ከ10 በላይ አለ» ይላል፣ የ1904 መጽሐፍ አስር ፍሬ ከየት አባቱ ያመጣል! ሁልጊዜ የርዕስ ገጹን፣ የርዕስ ገጹን ጀርባ እና የሁለቱን ቅጽ ጀርባ ጎን ለጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በሉ፣ እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም። የርዕስ ገጹ ጀርባ ላይ ስንተኛ እትም እንደሆነ ሊጻፍ ይችላል፣ እና ሁለቱ ቅጾች ከተለያየ እትም የተጋቡ እንዳይሆኑ እዩ፣ አንዱ 1904 ሌላው 1920 ሆኖ የሚሸጥ አለ። «ከቤተ መጻሕፍት የወጣ» የሚል ካያችሁ ማህተምና ጀርባው ላይ የተለጠፈ ቁጥር አለ ማለት ነው፣ ለማንበብ ችግር የለውም፣ ዋጋው ግን በጣም መውረድ አለበት፣ ካልወረደ ተዉት። እንግሊዝ ውስጥ ኤቢኤ የሚባል ከ1906 ጀምሮ ያለ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ማህበር አለ፣ ብዙ ብር የምታወጡ ከሆነ ከማህበሩ አባል ግዙ፣ ያልሆነ ነገር ሲመጣ የምትከሱበት ይኖራችኋል።

ሌሎቹ የስሚዝ እትሞችስ ለምትሉ፣ ኤቭሪማንስ ላይብረሪ በ1910 ያወጣት አለች፣ ቁጥር 412 እና 413፣ እጅ ውስጥ የምትገባ ሚጢጢ፣ ድሮ አንዱ ቅጽ በ1 ሽልንግ ይሸጥ የነበረ፣ ዛሬም በጣም ርካሽ ናት፣ ለስጦታ ትሆናለች ግን የካናን ማስታወሻ የላትም። ቶሮልድ ሮጀርስ ኦክስፎርድ ላይ በ1869 ያዘጋጀው ያምራል፣ ከካናን ይበልጣል ግን አልልም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እትም በ1976 የወጣው ለጥናት ከሁሉም ይበልጣል፣ እውነቱን ለመናገር ለቴሲስ የምትፈልጉት ከሆነ እሱን በወረቀት ሽፋን ገዝታችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ፣ አሮጌ ግን አይደለም፣ መሰብሰብ ሌላ በሽታ ነው።

ከስሚዝ ውጪ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የሪካርዶ ፕሪንሲፕልስ በ1817 ሲወጣ 750 ቅጂ ነው የታተመው፣ የማርክስ ዳስ ካፒታል አንደኛ ቅጽ በ1867 ሀምቡርግ 1,000 ቅጂ፣ የማልተስ የህዝብ ብዛት ድርሰት በ1798 ያለ ደራሲ ስም ወጣ፣ እነዚህን በመስታወት ውስጥ እያያችሁ እለፉ። የኬይንስ ጄኔራል ቲዎሪ 1936 ሲወጣ ሆን ተብሎ በ5 ሽልንግ ነው የተሸጠው፣ ተማሪ እንዲገዛው፣ ዛሬ አንደኛው እትም የወረቀት ልብሱ ካለው ዋጋው አይቀመስም፣ ከሌለው ግን ይወርዳል፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት እኮ ነው! ለጀማሪ የምመክረው የጆን ስቱዋርት ሚልን «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ»፣ የህዝብ እትም የሚባለውን የ1865ቱን ነው፣ ሚል ሰራተኛው እንዲገዛው ዋጋው ይውረድ ብሎ የትርፍ ድርሻውን የተወበት ስለሆነ ብዙ ታትሟል፣ እና እንደልብ ይገኛል።

እንዲህ አይነት አመል ያለበት እኔ ብቻ ነኝ እንዳትሉ ደግሞ ፎክስዌል የሚባል የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበር፣ በ1875 ጄቮንስ የሚባል ሌላ ኢኮኖሚስት ገፋፍቶት ስለ ባቡር ኢኮኖሚ የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ በ6 ፔንስ ገዛ፣ እሱ በቃ ሄደ። በ1901 ወደ 30,000 የሚጠጋውን ለወርቅ አንጥረኞች ማህበር በ10,000 ፓውንድ ሸጠው፣ ማህበሩ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰጠው፣ ዛሬ ሴኔት ሀውስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሰውየው ሸጦ ተፀፅቶ ይሁን አመሉ አልለቅ ብሎት እንደገና መሰብሰብ ጀመረና ሁለተኛውም ክምር መጨረሻው ሃርቫርድ ገባ። ሚስቱ ምን ትለው እንደነበር ነው የማስበው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የካናንን ስሚዝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር ታገኛላችሁ ብዬ አልዋሽም። እዛ የምታገኙት ከደርግ ዘመን የተረፈውን የሞስኮው አሳታሚ ፕሮግረስ ያወጣውን የማርክስን ካፒታል ነው፣ ወፍራም፣ ጥራዙ ጠንካራ፣ ገና ማንም ያላነበበው። እሱም ይሰብሰብ። ግን እውነተኛው የኛ አሮጌ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው፣ ሰውየው በ1919 በወጣትነቱ አርፎ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1924 የታተመው፣ ስለ ጉምሩክ ስለ ንግድ ስለ ምርት በአማርኛ ያኔ እንደዛ የጻፈ ሰው! የመጀመሪያውን እትም ለመግዛት ስንቱን ጠይቄያለሁ፣ ያለው ሰው አይሸጥም፣ የሚሸጥ የሚመስለው ደግሞ ያለው ፎቶኮፒውን ነው። ሊሸጥ የሚፈልግ ካለ ዋጋ ይጥራ፣ የስሚዝን ሁለት ቅጽ ሸጬም ቢሆን እሞክራለሁ።

ወደ ካናን ስመለስ፣ ጉድለት የለውም አልልም። ሁለቱ ቅጽ ተደምሮ ይከብዳል፣ ባቡር ላይ አይነበብም። ካናንም ስሚዝን አንዳንድ ቦታ እንደ ተማሪ ያርመዋል፣ የግርጌ ማስታወሻው ላይ «እዚህ ጋ ከላይ ካለው ጋር አይሄድም» አይነት ነገር ስታዩ መጀመሪያ ያናድዳል። በአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለክብደቱ ነው። 1904ን ካጣችሁ ሜቱን በኋላ ደጋግሞ አሳትሞታል፣ የ1920፣ የ1922፣ የ1925 እና የ1930 አለ፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጽሑፉ ያው ነው፣ እኔ ብሆን ሽፋኑ ከተገነጠለ 1904 ይልቅ ደህና ሽፋን ያለውን 1930ውን እመርጣለሁ። የአሜሪካ ሰዎች ደግሞ ሞደርን ላይብረሪ በ1937 በአንድ ቅጽ ያወጣው የካናን እትም እዛ እንደልብ ነው፣ ገጽ ቁጥሩ ግን ከ1904ቱ ጋር አይገጥምም፣ 421 ላይ የማይታየውን እጅ ፈልጋችሁ ብታጡት ሁለት ገጽ ወደፊት ሂዱ።